በመስታወት የተመረጠ ጥይት

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የሰው ስም ነው፤ እሱም በዒላማ ካርቶን ጀርባ ላይ። ሰው ተኩሶ ሲጨርስ ካርቶኑን አገላብጬ ስሙንና ስንት እንደመታ እጽፍለታለሁ፤ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በነቀምቴና በዙሪያዋ በስንት ቤት ግድግዳ ላይ የእጅ ጽሑፌ እንደተለጠፈ አላውቅም። ከዚያ የረዘመ ነገር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሰው ጡረታ የሚወጣው ሲሸብት ነው፤ እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ጥይት ስለተወደደ ቆመ። እንዲህ ስል የሚደነግጥ ሰው አለ። የማወራው ግን ስለ አየር ጠመንጃ ነው፤ በበዓልና በገበያ ቀን ሰው ካርቶን ወይም የክብሪት እንጨት እያነጣጠረ ስለሚዝናናበት። ጥይቱ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ወገቡ የቀጠነ ርሳስ ነው።

የተወለድኩት ኪራሙ ነው። ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ትምህርት ሳቆም ነቀምቴ አክስቴ ዘንድ መጣሁና አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆንኩ። አሠሪዬ ክፉ አልነበረችም፤ ግን አንድ ቀን ለእንግዳ ምግብ እንዳቀርብ ስታዘኝ አቅቶኝ አለቀስኩ። ሰው ፊት ስቆም አንገቴ ይግላል፣ ድምፄ ይጠፋል። ሴትዮዋ ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ዒላማ የሚያስተኩሱትን ሽማግሌ ጠርታ፣ ይህች ልጅ እጇ ንጹሕ ነው፣ አፍ ግን የላትም አለቻቸው። እሳቸውም አፍ ያለው ሰውማ ሞልቶኛል፣ የቸገረኝ እጅ ነው ብለው ወሰዱኝ።

ሽማግሌው ኦቦ ነገራ ይባላሉ፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ ስልክ ሲመጣ ሰው ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ሥራ ፈቱ። ጠመንጃውን የገዙት መንገድ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው። ሲፈቱት ልክ እንደ ሰዓት ነበር፤ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ እየደረደሩ። አየሩን የሚገፋው ፒስተን ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ሲያልቅ መለዋወጫ አይገኝም፤ ስለዚህ ከኮርቻ ሠሪ ቁራጭ ቆዳ ይለምኑና በሞራ ሦስት ቀን ይዘፈዝፉታል። ያ ቆዳ በትክክል የተቆረጠ እንደሆነ ጠመንጃው ሲተኮስ ሳል አይኖረውም ይሉ ነበር። እውነትም ሳል አልነበረውም።

ዒላማ የሚያስተኩስ ሰው በየትም ይታማል። ማነጣጠሪያውን አጣሞታል፣ አፈሙዙን አጉብጦታል ይባላል። ኦቦ ነገራ ይህን ሐሜት በአፋቸው መልሰው አያውቁም። ጠዋት ሥራ ሲጀመር፣ ሰው እያየ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ሦስት ጥይት ይተኩሳሉ። ሦስቱም በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ። ካርቶኑን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል፤ ማታ እስክንነሣ አይወርድም። የሳተ ሰው ዞር ብሎ ያንን ካርቶን ያይና ዝም ይላል።

እኔን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ጥይት መምረጥ ነው። አንድ የመስኮት መስታወት አላቸው፤ ጠርዙ የተሞረደ፣ ክንድ የሚያህል። በትንሹ አዘንብለው ያቆሙትና ከላይ ጥይት ያንከባልላሉ። የጥይቱ ራስና ጅራት ስፋታቸው ስለሚለያይ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ደህናዎቹ ሁሉ እኩል ታጥፈው መስታወቱ ሥር የተቀመጠ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ይገባሉ። ጎኑ የተጨፈለቀ ወይም ውስጡ ባዶነት ያለው ግን ከክዳኑ ውጪ ይወድቃል። እሱ ለሰው አይሰጥም። በአሮጌ የወተት ጣሳ ይጠራቀምና ይቀልጣል።

እኔ ቸኩዬ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ስለቅቅ እጄን ይይዙኝና «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ፤ ቀስ በይ ልጄ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው የኦሮምኛ ቃሌ ሱታ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የጣት ነበር። ጠመንጃው ከወገቡ ታጥፎ ጥይት ሲጎርስ፣ ደህና ጥይት በአውራ ጣት ሲገፉት ትንሽ እምቢ ይላል። ያልተበላሸ መሆኑን ጣትሽ ይነግርሻል አሉኝ። ሦስተኛው የዓይን ነበር። እሳቸው ሰው ሲተኩስ ዒላማውን አያዩም፤ የተኳሹን ትከሻ ነው የሚያዩት። ጥይቱ ሳይደርስ መታ ወይም ሳተ ይላሉ። ስድስት ወር ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ትከሻ ሳይ ከርሜ፣ አንድ ቀን በልቤ የገመትኩት ሁሉ ልክ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ እሑድ ነቀምቴ እንሠራለን። በሌላው ቀን ገበያ እየተከተልን ጉቴ፣ ቢላ፣ አንዳንዴም ጊምቢ ድረስ እንሄዳለን። ጠመንጃው ለሁለት ተፈትቶ በጋቢ ይጠቀለላል፤ የፈቃድ ደብዳቤው በላስቲክ ተሸፍኖ በኦቦ ነገራ ደረት ኪስ ይቀመጣል። በየኬላው ሁለቱም ይገለጣሉ። ኪራሙም ሁለት ጊዜ ሄደናል። ወንድሞቼ የእኔን እጅ ጽሑፍ የያዘ ካርቶን ይዘው ሲገቡ እናቴ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። በኋላ መንገዱ ሲበላሽ ወደዚያ መሄድ ቀረ፤ ጊምቢና ቢላም ቀሩ። ቀርቦ የቀረልን ጉቴ ብቻ ሆነ።

ጥይቱም አብሮ ራቀ። ጥይት የሚያመጣልን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከአዲስ አበባ በክብ ቆርቆሮ የታሸገ ይገዛልናል። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ቆርቆሮ በደህና ምሳ ዋጋ ይገኝ ነበር። በሰባተኛው ዓመት የወር የቤት ኪራዬን አለፈ። ይባስ ብሎ ርካሹ ዓይነት ብቻ ይመጣ ጀመር፤ በመስታወቱ ላይ ስናንከባልለው ከሦስቱ አንዱ ከክዳኑ ውጪ ይወድቃል። ሰዎች ኦቦ ነገራን የጠዋቷን ሦስት ጥይት እንኳ ይተዉ አሏቸው። እሳቸው፣ ፊቱን ሳይታጠብ ገበያ የሚወጣ ሰው አለ ወይ ብለው ሳቁ።

እኔ ግን በወተት ጣሳ ውስጥ የሚከማቸውን ርሳስ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ብዙዎቹ ጅራታቸው ትንሽ የተቆለመመ ብቻ ናቸው። የእስክሪብቶ ጫፍ ጅራታቸው ውስጥ እያስገባሁ በቀስታ ሳዞራቸው ይቃናሉ። ጠቃሚ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። በሽርጤ ግራ ኪስ እነሱን፣ በቀኝ ኪስ ደህናዎቹን መያዝ ጀመርኩ። ካርቶኑን ከነ ሰሌዳው ለሚስተው፣ ለቀልድ ለሚተኩስ ሰው ከግራ፤ ለሚያውቅ ሰው ከቀኝ አጎርሳለሁ። ለኦቦ ነገራ አልነገርኳቸውም። ሳይነግሩኝ ያገዝኳቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ስለ ጋሽ አበራ መጻፍ አለብኝ። ጋሽ አበራ የጉቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። አባታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው ይባላል። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሙሽራ ነቀምቴ ድረስ አይሄድም፤ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። በየገበያው ቀን ማሽናቸውን ትተው ወደ እኛ ይመጡና ሦስት የክብሪት እንጨት ያስደረድራሉ። በሦስት ጥይት ሦስቱን ይጥላሉ። አመስግነው ይሄዳሉ። ይህን ለምን እንደሚያደርጉ አንድ ጊዜ ለኦቦ ነገራ ሲነግሩ ሰምቻለሁ።

«ሦስቱን እስከጣልኩ ድረስ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሳትኩ ቀን ማሽኑን ለወንድሜ ልጅ እለቃለሁ። በታወረ ዓይን የሰው ሱፍ አላበላሽም» አሉ።

በዚያ የገበያ ቀን ሰው በዝቶ ነበር። ጫላ የሚባል የእህል ደላላ አለ፤ ጉቴ ውስጥ በነገር የማይነካው ሰው የለም። ጋሽ አበራ ሲያነጣጥሩ ጠብቆ፣ ጋሼ ዛሬስ የመርፌው ቀዳዳ ታየዎት ወይ አላቸው። ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ከማነጣጠሪያው ሳይነቅሉ፣ ለአንተ ሱሪ የጆንያ መስፊያ ይበቃል አሉት። ሰው ሳቀ። አንደኛው ክብሪት ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ጫላ በእሳቸው አልሆንለት ሲል ወደ እኔ ዞረ። ይህች ልጅ ስንት ዓመት ጥይት ስታጎርስ አንድ ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስሟስ ማን ነው? እያለ ጠየቀ። ያ ሁሉ ሰው አየኝ። አንገቴ ጋለ፣ እጄ ኪስ ገባ። ጥይቱን ሳጎርሰው ጣቴ ሥር ምንም እምቢ ሳይል ጠብ አለ።

ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከግራ ኪስ ነበር ያወጣሁት። ጠመንጃው ገና በእጄ ነው። «ቆዩ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ስለነበር አልቻልኩም። ጠመንጃውን አቀበልኳቸው።

ትከሻቸው አልተነቃነቀም፤ የመታ ሰው ትከሻ ነበር። ክብሪቱ ግን እንደቆመ ቀረ።

ጋሽ አበራ ጠመንጃውን በቀስታ አስቀመጡት። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና እንደገና ክብሪቱን አዩ። አመስግነው ሄዱ።

ኦቦ ነገራ በማግስቱ ጠመንጃውን ፈትተው ቆዳውን፣ ሞላውን፣ ማነጣጠሪያውን አንድ በአንድ መረመሩ። ገጥመው ሦስት ተኮሱ፤ አንድ ቀዳዳ። እንደገና ፈቱት። የአበራን ትከሻ አይቻለሁ፣ መምታት ነበረበት እያሉ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ብሎን አቀብላለሁ። በሚቀጥለው ገበያ ጋሽ አበራ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ጫላ መጥቶ፣ ጋሼ ማሽኑን በአንሶላ ሸፍነዋል፣ ለሠርግ ሱፍ ያመጣውንም ሙሽራ ወደ ነቀምቴ ሸኝተውታል አለን። እየቀለደ አልነበረም።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ነበርኩ። ፊቴን ወደ ውጭ አድርጌ «ኦቦ፣ ጥይቱ ነው። እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ መስታወቱን አቆሙና የግራ ኪሴን አስገለበጡኝ። አሥራ አንድ ጥይት ወጣ። አንድ በአንድ አንከባለሉት። ሁሉም ከክዳኑ አጠገብ ወደቀ፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ሲቀረው፣ ግን ውጪ። አንዱን አንሥተው የድሮ የሰዓት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩት።

«እጅሽ ጎበዝ ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አነሡ። «ለእኔ አይደለም የሚነገረው።»

በማግስቱ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልለን ጉቴ ሄድን። ገበያ ስላልነበረ መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ማሽኑ እውነትም በአንሶላ ተሸፍኗል። ኦቦ ነገራ ሰላምታ ሰጥተው ከደጅ ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ምን ቃል እንደተናገርኩ በትክክል አላስታውስም። የግራ ኪስና የቀኝ ኪስ እያልኩ ብዙ ተንተባተብኩ። ጣቴ እንደነገረኝና ዝም እንዳልኩ ግን ተናግሬያለሁ፤ የከበደኝም እሱ ነበር። ጋሽ አበራ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ መስታወቱን አሲዘውኝ የኪሴን ጥይት ራሳቸው አንከባለሉ። ወጣ። ደህናውን አንከባለሉ፤ ገባ። ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻ «እሺ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ኦቦ ነገራ ሦስቱን ጥይት ተኩሰው ካርቶኑን ሲሰቅሉ፣ ከጎኑ የሚሰቀል ሌላ ካርቶን አስጻፉኝ። «ጋሽ አበራ የሳቱት በእኛ መጥፎ ጥይት ነው» የሚል ነበር። እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፤ እሳቸው ከሥሩ በኦሮምኛ ጨመሩበት። ሰው የሚሸሸን መስሎኝ ነበር። አልሸሸንም። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ካርቶኖች ደጋግመው አነበቡና፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ጠመንጃ አያጣምምም ብለው ጥይት ጠየቁ።

ከወር በኋላ ጫላ አዲስ ሱሪ ለብሶ መጣ። ዞር ብሎ አሳየን፤ ስፌቱ የጋሽ አበራ መሆኑን ጉቴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከዚያ አንድ የታጠፈ ጨርቅ ሰጠኝና፣ ጋሽ አበራ ይህንን ለዚያች ልጅ ስጣት ብለውኛል አለ። የሥራ ሽርጥ ነበር፤ ጠንካራ፣ ጠርዙ ሁለት ጊዜ የተሰፋ። ኪሱ አንድ ብቻ ነው፤ መሀል ላይ። ኦቦ ነገራ ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ አበራ ግን ራሳቸው ወደ ዒላማው አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁለት ዓመት ነው። ጥይቱ መወደዱን አላቆመም፤ ሹፌሩም አንድ ቆርቆሮ ለማግኘት ሦስት አራት ምልልስ ይፈጅበት ጀመር። ዋጋ ብንጨምር ተማሪና የቀን ሠራተኛ ሊተኩስ አይችልም። ኦቦ ነገራ ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ሰው አንድ ጥይት ብቻ ይተኩስ አሉ። እኔ ሥራው አለቀለት አልኩ በልቤ። በአንድ ጥይት ማን ይዝናናል?

ተሳስቼ ነበር። በፊት አምስት ጥይት የሚወስድ ጎረምሳ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እየሳቀ ነበር የሚያባክነው። አንድ ብቻ ሲሰጠው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ እግሩን ያስተካክላል፣ ይተነፍሳል። የሚጠብቀውም ሰው ዝም ይላል። ያንን ያህል ሰው ገበያ መሀል ዝም ብሎ ሲቆም ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ጫላ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ምንም ያህል ቢለማመድ ካርቶን የማይነካው ሁሉ መምታት ጀመረ። ኦቦ ነገራ ትከሻ እያዩ፣ አየሽ ኢንተላ ኮ፣ ሰዉ ሁሉ ሰዓት ጠጋኝ ሆነ አሉኝ። እኔ ከዘጠኙ ዓመት የምወደው እነዚያን ሁለት ዓመታት ነው።

የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲከፈት ሌላ እንደማይመጣ አውቀን ነበር። አሁን የምሠራው ነቀምቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ኦቦ ነገራ ጠመንጃውን ዘይት ቀብተው ቤታቸው አስቀምጠውታል፤ መስታወቱን ለእኔ ሰጡኝ። ግን የሥራዬን መጨረሻ ቀን ሳልጽፍ ማቆም አልችልም።

ጉቴ ነበርን። ከሰዓት በኋላ በክዳኑ ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ጥቂት መሆናቸውን ሰዉ ሰምቶ ተሰልፏል። ጫላ የመጨረሻዋን አንዷን ለእኔ ይሽጡልኝ እያለ ይከራከራል። በዚህ መሀል ሰልፉ ተከፈተና ጋሽ አበራ መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ። አጎረስኩ፤ ጥይቱ በጣቴ ሥር እምቢ ሲል ተሰማኝ። አንድ የክብሪት እንጨት አቆምን። ጋሽ አበራ ተኮሱ፤ ወደቀ።

አንድ ጥይት ቀረች። ጋሽ አበራ ዋጋዋን ለኦቦ ነገራ ከፈሉና ጠመንጃውን ወደ እኔ መለሱት። ይህች ልጅ ስንት ዓመት ሰው ስታስተኩስ እሷ ተኩሳ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም ነበር። ጥይት ይባክናል እያልኩ፣ ደግሞም ሰው እያየኝ አፍሬ። ያ ሁሉ ሰው አየኝ፣ አንገቴም ጋለ። ካርቶን ሰቀልን፤ ራሴ አጎረስኩ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ኦቦ ነገራ ካርቶኑን ትተው ትከሻዬን ሲያዩ በዓይኔ ጥግ አየኋቸው። ተኮስኩ።

ኦቦ ነገራ ቀና ብለው ሰማዩን ማየት ጀመሩ፤ ያኔ መሳቴ ገባኝ።

ካርቶኑን ሊያመጡ የሄዱት ጋሽ አበራ ናቸው። ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፤ ቀዳዳው ከጥቁሩ ክብ ርቆ ጠርዙ ላይ ነበር። ከዚያ ካርቶኑን ገለበጡ፣ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱ። ስሜን ጻፉ፤ የመታው ብዛት በሚጻፍበት ቦታ ዜሮ አስቀመጡ። እኔ ለሌላው ሰው እንደማደርገው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

«ጥይቱስ ደህና ነበር፣ የሺ» አሉኝ። «ዓይንሽን ተመርመሪ።»